በሚሮጥ ቤት ውስጥ የሚነድ እሳት

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ክረምት ማለት ወንዝ ረግቶ ሰውና ፈረስ በላዩ የሚሻገሩበት፣ ትንፋሽ ከአፍ ወጥቶ ሳይርቅ ጢም ላይ አመዳይ ሆኖ የሚቀርበት የቁር ወራት ነውና፣ ባቡር በ1830ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንገደኛ እየጫነ ከከተማ ወደ ከተማ መሮጥ በጀመረ ጊዜ፣ ለባለቤቶቹ ከቀረቡላቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሌሊቱን ሙሉ ከብርድ እንዴት እንጠብቀው የሚል ነበር። እንግሊዞች መንገዳቸው አጭር፣ ሠረገላቸውም በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ስለ ነበረ፣ ፍል ውሃ የተሞላ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ዕቃ ከመንገደኛው እግር ሥር እያኖሩ፣ ሲቀዘቅዝም በየጣቢያው እየለወጡ ብዙ ዘመን ቆዩ። አሜሪካኖች ግን ሠረገላቸው በመካከሉ መተላለፊያ ያለው አንድ ረጅም አዳራሽ፣ መንገዳቸውም ቀንና ሌሊት የሚፈጅ በመሆኑ፣ በአዳራሹ ጫፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በሁለቱ ጫፎች፣ እንጨት ወይም የድንጋይ ከሰል የሚነድበት የብረት ምድጃ ተከሉ።

ምድጃው ሙቀት መስጠቱን ሰጠ፤ ነገር ግን አሰጣጡ ፍትሕ አልነበረውም። በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ካፖርቱን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ፣ በሠረገላው መካከል ያለው እግሩ እየደነዘዘ ያድር ነበር። ይህ ግን የድሎት ጉዳይ ነው። የከፋው ነገር የሠረገላው አካል መሆኑ ነበር፤ ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ጣራውም ደረቅ እንጨት፣ እንጨቱም በቫርኒሽ የተቀባ፣ መቀመጫው በጭድና በጸጉር የተሞላ፣ ከጣራው ላይ የተንጠለጠለውም መብራት የነጭ ጋዝ ፋኖስ ነበረ። ሠረገላው በሐዲዱ ላይ እስካለ ድረስ እሳቱ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ከሐዲዱ ወጥቶ የተገለበጠ እንደሆነ ግን ምድጃው ከተተከለበት ይነቀላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ፍሙም በተሰባበረው እንጨት፣ በፈሰሰው ጋዝና ከፍርስራሽ ሥር በተያዙት ሰዎች ላይ ይበተናል።

ዲሴምበር 18 ቀን 1867 በኒውዮርክ ግዛት፣ አንጎላ በምትባል መንደር አጠገብ የሆነው ይኸው ነው። ወደ በፋሎ ከተማ ይገሠግሥ የነበረ ባቡር የመጨረሻው ሠረገላ ከሐዲድ ወጥቶ ከድልድዩ ላይ ወደ ገደሉ ተወረወረ፤ በውድቀቱ ያልሞቱት ከምድጃዎቹ በተበተነው ፍም ነደው፣ በጠቅላላው 50 ያህል ነፍሳት ጠፉ። የኦሃዮ ግዛት ምክር ቤት በ1869 ሕግ አወጣ፤ ሠረገላው ከሐዲድ ወጥቶ ሲገለበጥ እሳቱ ወዲያው የሚጠፋበት ማሞቂያ ካልሆነ በቀር በመንገደኛ ሠረገላ ውስጥ እንዳይነድ ደነገገ። የሕጉ ቃል ብሩህ ነበረ፤ የጎደለው አስፈጻሚ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1876 ማታ፣ በዚያው በኦሃዮ ግዛት፣ በረዶ ከነፋስ ጋራ ዓይን እስኪጋርድ ድረስ በሚወርድበት ሰዓት፣ ሁለት ሎኮሞቲቮች የሚጎትቱት ባቡር የአሽታቡላን ወንዝ የብረት ድልድይ ሲያልፍ ድልድዩ ተሰበረ። ፊተኛው ሎኮሞቲቭ ብቻ ማዶ ደረሰ፤ ሁለተኛው ከ11 ሠረገላዎች ጋራ ከ20 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ወደ ረጋው ወንዝ ወረደ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እሳቱ ከዚህም ከዚያም ተነሣ። የከተማው እሳት አጥፊዎች ከነመሣሪያቸው ደረሱ፤ ነገር ግን ትእዛዝ የሚሰጥ ጠፍቶ በእሳቱ ላይ ውሃ ሳይረጭ ቀረ። ከተሳፈሩት ከ150 በላይ ሰዎች 92 ያህሉ ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ዝማሬው በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የታወቀው ጸሐፌ መዝሙር ፊሊፕ ብሊስ ከነባለቤቱ ይገኝ ነበር፤ የሁለቱም አስከሬን ሊገኝ አልቻለም። የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኞች ኩባንያውን የነቀፉት በድልድዩ ድክመት ብቻ አልነበረም፤ በ1869ኙ ሕግ የታዘዘውን ማሞቂያ በሠረገላዎቹ ውስጥ ሳያደርግ መቅረቱንም ለይተው በበደል ቈጠሩበት። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤን የሚነካው ከድልድዩ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ የድልድዩን ስሕተት አስቀድሞ ለማየት የሊቅ ዓይን ያስፈልግ ይሆናል፣ የምድጃው አደጋ ግን በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ፣ መፍትሔውም ታዝዞ ሰባት ዓመት ተቀምጦ ነበርና።

አሁን ወደ ምድጃው አሠራር እንግባ፤ ይህን ዕቃ ጠንካራና ደኅና አድርጎ ለመሥራት የደከሙት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ድካማቸውም ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ጥያቄ የብረቱ ዓይነት ነበር። የጥንቶቹ ምድጃዎች ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት፣ የእኛ ሠራተኞች ጊዛ ከሚሉት፣ የተሠሩ ነበሩ። ጊዛ ርካሽ ነው፣ ሙቀትንም አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ከመቶ 3 እጅ ያህልና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ፣ ድንገት ሲመቱት እንደ ሸክላ ድስት ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ካርቦኑ ጥቂት የሆነ የብረት ላሜራ ግን በተመታ ጊዜ ይጎብጣል፣ ይጨማደዳል፣ እሳቱን ግን በሆዱ እንደ ያዘ ይቀራል። ስለዚህ ምድጃን ለማጠንከር የተጀመረው የመጀመሪያው እርምጃ የእሳቱን ቤት ከወፍራም ላሜራ መሥራት፣ ክፍሎቹንም በትንንሽ ብሎን ከማያያዝ ይልቅ አንድ አካል ማድረግ ነበር።

ሁለተኛው ነገር አተካከሉ ነው። ምድጃው በወለሉ ጣውላ ላይ በምስማር ቢመታ ጣውላው ሲሰነጠቅ አብሮ ይነቀላል፤ ብሎኑ ወለሉን አልፎ ሠረገላውን ከተሸከመው አግዳሚ ጋራ በዳዶ ሲጠብቅ ግን፣ ምድጃው የሚነቀለው ሠረገላው ራሱ ሲፈርስ ነው። የበሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ በራሱ ክብደት የሚዘጋ በር በውድቀት ጊዜ ይከፈታልና፣ ከላይና ከታች የሚጨብጥ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል። ይህን ጥበብ በሙሉ በተግባር ያዋሉት የአሜሪካ የዕቃ ባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ከባቡሩ ጅራት በሚቀጠለው የሠራተኞች ሠረገላ ውስጥ የነበረው ምድጃ እግሩ በወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ፣ በሩ በመቀርቀሪያ የሚጠበቅ፣ የቡና ጀበናቸውም ባቡሩ ሲንገጫገጭ እንዳይወድቅ በምድጃው ራስ ዙሪያ ከፍ ያለ ከንፈር የተሠራለት ነበረ። ከግድግዳው በኩል ደግሞ ላሜራ በእንጨቱ ላይ ተለጥፎ ቢመታ ሙቀቱን ለእንጨቱ ያስተላልፋል እንጂ አይከለክልምና፣ በሁለቱ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተው ይገባል፤ ጭስ ማውጫውም ጣራውን በሚበሳበት ስፍራ ድርብ ቧንቧ ሊኖረው ይገባል።

ሕጉ ያዘዘው ራሱን የሚያጠፋ ምድጃ ብዙ ፈልሳፊዎችን አስነሣ። አብዛኞቹ ያሰቡት አንድ ነበር፤ ከእሳቱ በላይ የውሃ ማጠራቀሚያ አኑሮ፣ ሠረገላው ሲያዘነብል ውሃው በራሱ በፍሙ ላይ እንዲፈስ ማድረግ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል፤ ሕገ ተፈጥሮ ግን ይቃወመዋል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ጊዛ ላይ በድንገት ሲፈስ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፣ የሚነሣውም እንፋሎት በአጠገብ ያለውን ሰው ይቀቅላል። ሠረገላው ያለ እሳት በጣቢያ ባደረበት ሌሊት ውሃው ረግቶ ዕቃውን ያፈነዳል። ከዚህም በላይ ዓመታት ሙሉ ሳይነካ የሚኖር መሣሪያ ዝገት ይይዘዋል፤ በዕለት ሥራ የማይፈተን መሣሪያ በመከራ ቀን ይታዘዛል ብሎ መተማመን ደግሞ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ከሁሉ የተሻለ መንገድ ያገኘው የኒውዮርኩ ዊልያም ቤከር ይመስለኛል። እርሱ ትንሽ እሳት በአንድ ጠባብ የብረት ቤት ውስጥ ዘግቶ፣ በእሳቱ ዙሪያ የተጠማዘዘ ቧንቧ አዞረ፤ ቧንቧውንም ከየመቀመጫው ሥር እያሳለፈ ሠረገላውን በሙሉ አስዞረው፤ በውስጡም እንዳይረጋ ጨው የተጨመረበት ውሃ ሞላው። የሞቀ ውሃ ቀላል ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ የቀዘቀዘው ከብዶ ይመለሳልና፣ ውሃው ያለ አንዳች ሞተር ይዞራል። በዚህ ሥርዓት የሩቁና የቅርቡ መንገደኛ እኩል ይሞቃል፣ እሳቱም ትንሽ በመሆኑ ወፍራም ብረት ሊያለብሱት ይቻላል። ቤከር በኋላ ያወጣው ዓይነት የእሳቱን ቤት በውድቀት እንዳይፈርስ በብርቱ ላሜራ ያጠነከረው ነው።

የምድጃ ደኅንነት በእሳት ብቻ እንደማይለካ ደግሞ አንባቢ ያስተውል። በ1868 ሳንት-ክሌር ደቪልና ትሩስት የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት፣ ጊዛ እስኪቀላ በጋለ ጊዜ ከእሳቱ የሚወጣውን ጋዝ በውስጡ እንደሚያሳልፍ አሳይተዋል። ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን ከላሉ መጋጠሚያዎችና ከተደፈነ ጭስ ማውጫ የሚመጣው ነው። ያ ጋዝ ሽታና መልክ የሌለው፣ በየክረምቱ በእኛም አገር በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ብርዱን ፈርተው መስኮቱን ሁሉ በዘጉበት ሠረገላም ሥራው ይኸው ነው።

በዚህ መካከል አደጋው አልቆመም። በጃንዋሪ 1882 በስፓይተን ዳይቪል፣ በኒውዮርክ ከተማ ዳርቻ፣ ቆሞ የነበረ ባቡር ከኋላው ተመትቶ ሲቃጠል፣ ከሞቱት አንዱ የመኝታ ሠረገላ ሠሪውና የምክር ቤት አባሉ ዌብስተር ዋግነር ነበር፤ የሞተውም በገዛ ኩባንያው ሠረገላ ውስጥ ነው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1887 ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቬርሞንት ግዛት የባቡር አራት ሠረገላዎች ከሃርትፎርድ ድልድይ ላይ ወደ ረጋው ወንዝ ወደቁ፤ እሳቱ ሠረገላዎቹን ብቻ ሳይሆን የእንጨቱን ድልድይ ጭምር በላ፣ ከ30 በላይ ሰዎችም ሞቱ። የሕዝቡ ትዕግሥት ያለቀው ያን ጊዜ ነው። የኒውዮርክ ግዛት በዚያው ዓመት፣ ሐዲዳቸው ከ50 ማይል ከሚያንስ ኩባንያዎች በቀር፣ ከሜይ 1 ቀን 1888 ጀምሮ በመንገደኛ ሠረገላ ውስጥ የእሳት ምድጃ እንዳይኖር ከለከለ፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉ። እንዲህም ሆኖ በ1891 በኒውዮርክ ከተማ በአራተኛው ጎዳና ዋሻ ውስጥ ምድጃ ያለበት ሠረገላ በግጭት ተቃጥሎ ስድስት ሰዎች ሲሞቱ፣ የኩባንያው ዳይሬክተሮች ሕጉን ተላልፈዋል ተብለው ተከሰሱ።

ሕጉ እሳቱን ሲያስወጣ በምትኩ የገባው የሎኮሞቲቩ እንፋሎት ነው። ዊልያም ማርቲን፣ ኤድዋርድ ጎልድና ጄምስ ማከልሮይ የየራሳቸውን ዓይነት አወጡ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በሎኮሞቲቩ ውስጥ እንፋሎት ሞልቷልና ኃይሉን ቀንሶ በቧንቧ ወደ ኋላ መስደድ። አስቸጋሪው ሠረገላ ከሠረገላ የሚጋጠምበት ስፍራ ነበረ፤ የጎማው ቧንቧ እንፋሎት የማያፈስ፣ ሠረገላዎቹ ሲለያዩ ግን ራሱን ሳይቀድድ የሚላቀቅ ራስ ያስፈልገው ነበር። ውሃ ሆኖ የሚጠራቀመውም እንፋሎት በየጎድጓዳው ረግቶ መንገዱን እንዳይዘጋ ማንጠፈፊያ ተበጀለት። ከሎኮሞቲቭ የተለየ ሠረገላ ግን ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ብዙ ኩባንያዎች የቤከርን ቧንቧ ሳይነቅሉ ውሃውን በጉዞ ጊዜ በእንፋሎት እያሞቁ፣ ሠረገላው ብቻውን ሲቆም ብቻ ትንሿን እሳት ያነድዱ ነበር።

ይህ መንገድ ዛሬም አልሞተም። በሩስያ ረጅም መንገድ በሚሄዱ ብዙ ሠረገላዎች ውስጥ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ቦይለር በሠረገላው ጫፍ በተለየ ክፍል ተዘግቶ ውሃውን ያዞራል፤ የእሳቱ ዘበኛ ሠረገላውን የሚጠብቀው አስተናጋጅ ነው። በጃፓን በአኦሞሪ አውራጃ የጹጋሩ ባቡር ከ1930 ጀምሮ በክረምት ወራት በሠረገላው ውስጥ የከሰል ምድጃ እያነደደ ይሄዳል፤ ከሰሉን የሚጨምረው የባቡሩ ሠራተኛ ነው፣ መንገደኞቹም በላዩ የደረቀ ስኩዊድ ይጠብሳሉ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ እሳት በሠረገላ ውስጥ ሊኖር የሚገባው የተዘጋ፣ የታሰረና ስሙ የታወቀ ኃላፊ የሚጠብቀው ሲሆን ብቻ ነው፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ከሠረገላው መውጣት አለበት።

መንገደኛ ራሱ ይዞት የሚገባ እሳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በፌብሩዋሪ 2002 ከካይሮ ወደ ሉክሶር ሲሄድ በአል-አያት አጠገብ በተቃጠለው የግብፅ ባቡር ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ለእሳቱም መነሻ ነው የተባለው በመንገደኞች መካከል ይነድ የነበረ የጋዝ ምድጃ ነው። በኦገስት 2023 በሕንድ በማዱራይ ጣቢያ በቆመ ሠረገላ ውስጥ ተሰውሮ የገባ የጋዝ ሲሊንደር ዘጠኝ ሰዎች ገድሏል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡራችን የሚጎተተው በኤሌክትሪክ ነው፣ ማሞቂያ ምድጃም አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በእርሱ የምትሳፈር አንባቢ ሆይ፣ ቡታጋዝም ሆነ ከሰል ማንደጃ፣ ነጭ ጋዝም ሆነ ቤንዚን ይዘህ አትግባ፣ ሌላ ሰው ይዞ ሲገባ ያየህ እንደሆነም ባቡሩ ሳይነሣ ለሠራተኛው ንገር።