ለጠመቃ የሚያገለግል የመዳብ ዕቃ አያያዝ

በላስታ ምድር፥ ይልቁንም ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ፥ ጠላ ሳይጠመቅ የሚከበር በዓል ብዙ አይደለም። ለማኅበሩ ጽዋ፥ ለተዝካሩ፥ ለንግሡም ቀን የቤቱ እመቤት ገብሱን አብቅላ፥ ጌሾውን ወቅጣ፥ ጋኑን በግራዋ አጥባና በወይራ አጥና ትጠነስሳለች። የጋን አያያዝ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ስለ ሆነ እኛ የምንጨምርበት ነገር የለንም። የመዳብ ዕቃ ግን ከጋን በኋላ ወደ ቤት የገባ እንግዳ ነው። አረቄ በሚያወጡ ቤቶች በአንዳንዱ በመቃው ፈንታ የመዳብ ቱቦ ተተክቷል፤ የመዳብ ድስት ያላቸውም አሉ። አረቄን መጠጣት ይገባል አይገባም የሚለውን ነገር ለመምህራነ ንስሓ እንተወዋለን፤ በርሱ ሽያጭ ልጆቿን የምታስተምር እናት እንዳለች ግን የማያውቅ የለም። ዕቃው በአረንጓዴ ዝገት ተይዞ ከርሱ የወጣውን መጠጥ እንግዳ ቢጠጣ፥ ሆድ ቁርጠትና ትውከት ያመጣበታልና ነገሩ የጽዳት ብቻ አይደለም።

መዳብ በዘፍጥረት መጽሐፍ ከቱባልቃይን ሥራ ጋር የተነሣ ጥንታዊ ማዕድን ነው። ጠባዩም ከብረት ይለያል። በደረቅ አየር ሲቀመጥ ቡናማ ይሆናል፤ ይህ ቡናማ ቀለም እድፍ ሳይሆን የመዳቡ መጠበቂያ ልብስ ስለ ሆነ፥ ዕቃው እንደ መስተዋት ካላብለጨለጨ ብሎ ዕለት ዕለት መፈግፈግ ማዕድኑን ማሳሳት ነው። እርጥበትና በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኙት ግን እያደር አረንጓዴ ይሆናል። የአክሱም ነገሥታት ያሠሩት የመዳብ ገንዘብ ከመሬት ሲወጣ አረንጓዴ ለብሶ የሚገኘው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በኒው ዮርክ የተመረቀው የነጻነት ሐውልትም ሲቆም የመዳብ መልክ ነበረው፤ ዛሬ አረንጓዴ ነው፥ ያም ልባስ ሐውልቱን ይጠብቀዋል።

እንግዲህ አንባቢ፥ «ሐውልቱን የሚጠብቅ ነገር ድስቴን እንዴት ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ልዩነቱ በኮምጣጣው ላይ ነው። ጠላም ድፍድፍም በተፈጥሮው ኮምጣጣ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ጥቂት ቀርቶ ቢያድር ደግሞ ወደ ኮምጣጤነት ይለወጣል። ኮምጣጤና አየር በአንድነት መዳብን ሲያገኙት ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ያወጣሉ፤ ይህኛው በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የመዳብ መጠን በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ብቻ መሆኑን ስናስብ፥ በቱቦ አፍ ላይ የሚታየው ትንሽ አረንጓዴ የሚናቅ አለመሆኑ ይገባናል።

ስለዚህ መዳብ ይፈላበት እንጂ አይጠንሰስበት፥ መጠጥም አይደርበት። በእንግሊዝ አገር የቢራ ጠማቆች ማፍያ ድስት ለብዙ ዘመን ከመዳብ ይሠራ ነበር፤ መጠጡ የሚብላላው ግን በሌላ ዕቃ ነው። የስኮትላንድ ውስኪ አውጪዎችም እስከ ዛሬ የመዳብ ዕቃ የማይተዉት፥ መዳብ የድኝ ሽታ ያለውን ነገር ከእንፋሎቱ ይዞ ስለሚያስቀርላቸው ነው። ለመጥመቂያውና ለማኖሪያው የእናቶቻችን ጋን፥ ባይገኝም የማይዝግ ብረት ይሻላል።

ወደ አጠባቡ እንመለስ። አረቄው ወጥቶ እንዳበቃ ቱቦው ገና ለብ እንዳለ የፈላ ውኃ ደጋግሞ ማሳለፍ ዋናው ሥራ ነው፤ አተላ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ እጅግ ያደክማል። አረንጓዴ ከታየ ሎሚ በጨው፥ ወይም ኮምጣጤ በጨውና በዱቄት ለውሶ መቀባት፥ ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ በለስላሳ ጨርቅ አሽቶ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል። ኮምጣጤ ለመዳብ ጠላት ነው ብለን አሁን መድኃኒት ማድረጋችን አያስገርም፤ ዝገቱን የሚያሟሟው ያው ጠባዩ ነውና። ግን ቆይቶ እንዳይደርቅበት ያስፈልጋል። ለቱቦው ውስጥ ሎሚ የተጨመቀበት ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ ጥቂት ማቆየት፥ ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነም በሲባጎ የታሰረ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሳብ ነው። አሸዋና የሽቦ መፈግፈጊያ ይጭሩታል፤ በጭረቱም ውስጥ እድፍ ይሸሸጋል። በረኪና ደግሞ መዳብን ስለሚበላ ከቶ አይቅረብ። (መስቀልና ጽና ከናስ የተሠሩ ቢሆኑም አጠባበቃቸው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለተሾሙት ስለ ሆነ ይህን ምክር ለነርሱ አልጻፍነውም።)

ከአረንጓዴው ዝገት ይልቅ የምንፈራው በእርሳስ የተበየደውን መጋጠሚያ ነው። አረንጓዴው በዓይን ይታያል፤ እርሳስ ግን ወደ መጠጡ ሲገባ ቀለሙ አይታወቅም፥ የልጆችንም አእምሮ ይጎዳል። በአሜሪካ በስውር አረቄ የሚያወጡ ሰዎች የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣ አድርገው፥ በብየዳው እርሳስ ብዙ ጠጪዎች ተመርዘዋል። አንጥረኛው «በምን በየድኸው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል፤ መልሱ ካላጠገበ መጋጠሚያውን በሊጥ መምረግ ይበልጣል። ቱቦውን በብረት ሽቦ ማሰርም መልካም አይደለም፤ ብረትና መዳብ በእርጥበት ላይ ሲነካኩ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

የማስቀመጫውም ነገር አለ። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፥ ከ800 ዓመት በላይ እንጨቱ ሳይበሰብስ የቆየው በዋሻ ውስጥ ስለ ሆነና ዝናብ ስለማያገኘው መሆኑን የጎበኘ ሁሉ ይረዳዋል። ለመዳብም የሚሻለው እንዲሁ ደረቅ ቦታ ነው። በሰኔ፥ ክረምቱ ሳይገባ፥ ዕቃውን አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፥ ቱቦውንም ሁለቱን አፎች ሳይወትፉ ዘንበል አድርጎ ከፍ ካለ ቦታ መስቀል ነው። ከብት በሚያድርበት ጋጣ አጠገብ አይቀመጥ፤ ከሽንቱ የሚነሣው አሞኒያ መዳብን ይበላል፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ለገና እንግዳ የሚያዘጋጅ ቤት ከኅዳር ጀምሮ ቱቦውን አውርዶ ይመርምር። ድፍድፉን ከመጣዱ በፊት ንጹሕ ውኃ ብቻ አፍልቶ እንፋሎቱን በቱቦው ያሳልፍ፤ ጠብ ጠብ የሚለውንም በነጭ ሲኒ ይቀበል። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ቢያይበት ውኃውን ደፍቶ የሎሚውን አጠባ ይድገም፤ ጥርት ብሎ ቢወርድለትም ከአረቄው ፊተኛውን ጥቂት ደፍቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ይያዝ።