የጎልፍ አይረኖች ከልኬት በኋላ፦ ማስተካከል ወይስ መለወጥ?

“ፊቲንግ” በመባል የሚታወቀው የጎልፍ ዱላ ልኬት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚገኙ የጎልፍ መደብሮች የተለመደ አገልግሎት ሆኗል። ተጫዋቹ በራዳር ወይም በፈጣን ካሜራ ፊት ኳሶችን ይመታል፤ መሣሪያውም የዱላውን ፍጥነት፣ የኳሱን አነሳስና ሽክርክሪት እንዲሁም የተጓዘውን ርቀት ይመዘግባል። በመጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት የዱላዎቹ ማዕዘን በ2 ዲግሪ እንደሚጎድል፣ ዘንጋቸው እንደሚከብድ ወይም ርዝመታቸው እንደሚያንስ ሊነግረው ይችላል።

ወረቀቱ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። በእጅ ያሉትን አይረኖች ማስተካከል ይበቃል ወይስ አዲስ ስብስብ መግዛት ያስፈልጋል? በአሜሪካ ገበያ አዲስ የአይረን ስብስብ ብዙውን ጊዜ ከ1000 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ የአንድን ዱላ ማዕዘን ማስተካከል ግን የጥቂት ዶላር ሥራ ነው። ልኬቱን የሚያከናውነው ባለሙያ ብዙ ጊዜ አዲሱን ዱላ በሚሸጠው መደብር ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ነገሩን በራሱ ሚዛን መመዘን መቻል ይኖርበታል።

ጉዳዩ ከልብስ ስፌት ጋር ይመሳሰላል። የረዘመ ሱሪ ያጥራል፣ የሰፋ ወገብ ይጠባል፤ ትከሻው ያልገጠመ ኮት ግን በመርፌ አይድንም። በአይረንም ጉድለቱ በየትኛው የዱላው ክፍል ላይ እንዳለ መለየት የውሳኔው ግማሽ ነው።

አራት ክፍሎች፣ ሁለት ማዕዘኖች

አይረን አራት ክፍሎች አሉት፤ ኳሱን የሚመታው የብረት ራስ፣ ራሱን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው አንገት፣ ዘንጉ ራሱ እና በእጅ የሚያዘው እጀታ ናቸው። እጀታ እንደ መኪና ጎማ በየጊዜው የሚለወጥ ስለሆነ ለአዲስ ዱላ ግዢ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ዘንግም ተነቅሎ በሌላ ይተካል። አንገቱ በተወሰነ መጠን ይታጠፋል። ራሱ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል።

ከማዕዘኖቹ የመጀመሪያው “ሎፍት” የሚባለው፣ የመምቻው ገጽ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን ሲሆን የኳሱን ከፍታና ርቀት ይወስናል። ሁለተኛው የዱላው ግርጌ መሬት ላይ ሲያርፍ ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው፤ በ7 ቁጥር አይረን ብዙውን ጊዜ ከ62 እስከ 63 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ይህ የዘንግ ማዕዘን ለተጫዋቹ ካልተስማማ ገጹ ወደ ዒላማው ሳይሆን ወደ ጎን ይመለከታል።

ሁለት ዲግሪ ምን ያህል ነው?

ስሌቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። ሎፍቱ 34 ዲግሪ በሆነ 7 ቁጥር አይረን ላይ የዘንጉ ማዕዘን በ2 ዲግሪ ቢሳሳት፣ ገጹ ከዒላማው 1.3 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ይህ በ140 ሜትር ርቀት ላይ ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። ሎፍቱ 46 ዲግሪ በሆነ ዱላ ላይ ደግሞ ያው ስሕተት 2 ዲግሪ ያህል መዞርን ያስከትላል። ሎፍት በጨመረ ቁጥር የማዕዘን ስሕተት ይጎላል ማለት ነው። ለአጭር ርቀት የሚያገለግሉት አይረኖች ከፍተኛ ትክክለኛነት የሚጠበቅባቸው እንደመሆናቸው፣ ጉድለቱ ይበልጥ የሚጎዳው እነሱን ነው።

ማዕዘኑን በተጫዋቹ ቁመት ብቻ መወሰን አይቻልም። ዱላው በፍጥነት ሲወርድ የራሱ የክብደት ማዕከል ከዘንጉ መስመር ውጭ ስለሚገኝ ዘንጉ ወደ ታች ይጎብጣል። ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ ምቱ በተከናወነበት ቅጽበት የሚገኘው ነው። ይህን ያለ ራዳር መፈተሽ ይቻላል። በኳሱ ላይ በማርከር ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርና መስመሩ ወደ ዱላው ዞሮ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከምቱ በኋላ መስመሩ በገጹ ላይ ታትሞ ይገኛል። ቀጥ ብሎ ከታተመ ማዕዘኑ ተስማምቷል። አናቱ ወደ ራሱ ጫፍ ካዘነበለ ዱላው ከሚገባው በላይ ቆሟል፤ ወደ አንገቱ ወገን ካዘነበለ ደግሞ ከሚገባው በላይ ተኝቷል።

ይህን የማስተካከል ልማድ ካስፋፉት አንዱ በኖርዌይ ተወልደው በአሜሪካ ያደጉት መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም ናቸው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠሩ በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የመሠረቱት ፒንግ የተባለው ኩባንያ የዱላዎቹን ማዕዘን በቀለም ነጥብ መለየት ጀመረ። እስከ ዛሬም በፒንግ አይረኖች ላይ ጥቁር ነጥብ መደበኛውን ማዕዘን ያመለክታል።

ብረቱ ይታጠፋል ወይስ ይሰበራል?

ማንኛውም ብረት በጥቂቱ ሲታጠፍ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ በታጠፈበት ይቀራል፤ ከዚያም ሲያልፍ ይሰበራል። ለዱላ አስተካካይ ወሳኙ ነገር በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ያለው ስፋት ነው።

ከለስላሳ የካርቦን ብረት ተቀጥቅጠው የተሠሩ ራሶች ይህ ስፋት ስላላቸው 2 ዲግሪ እና ከዚያም በላይ ያለ ችግር ይታጠፋሉ። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠሩት ግን እንደ ብረታቸው ዓይነት ይለያያሉ። በተለይ በክሮሚየምና በኒኬል ይዘቱ “17-4” የተባለው የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፤ ወደ ቦታው የመመለስ ጠባዩ ከፍተኛ ሲሆን በኃይል ከታጠፈ አንገቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዳንድ አምራቾች ይህን ለማቃለል በአንገቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ስፍራ ያበጃሉ። በጠንካራ ራሶች ላይ ከ2 ዲግሪ በላይ የሚጠይቅ ልኬት ወደ መለወጥ የሚያመራ ምልክት ነው። ለስላሳውም ብረት ቢሆን ደጋግሞ ማጠፍ ያዳክመዋል።

ሎፍትን ማጠፍም የራሱ ዋጋ አለው። ሎፍቱ በ2 ዲግሪ ሲቀንስ “ባውንስ” የሚባለው፣ ዱላው መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚከላከለው የግርጌ ማዕዘንም በ2 ዲግሪ ይቀንሳል። ርቀት ለማግኘት የታጠፈ ዱላ አፈር መቆፈር ሊጀምር ይችላል።

ርዝመት፣ ክብደትና ዘንግ

ርዝመትን መለወጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሎቹን ሁሉ ያነቃንቃል። አንድን አይረን በግማሽ ኢንች፣ ማለትም በ1.27 ሴንቲ ሜትር ማስረዘም ራሱን በሚወዛወዝበት ጊዜ 6 ግራም ያህል የተጨመረበት ያስመስለዋል፤ ዘንጉም በ1 ዲግሪ ገደማ እንደቆመ ይቆጠራል። ስለዚህ አስቀድሞ ርዝመቱ፣ ቀጥሎ ዘንጉ፣ በመጨረሻም ማዕዘኑ መስተካከል አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ያው ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

የብረት ዘንጎች በአብዛኛው ከ95 እስከ 130 ግራም ይመዝናሉ፤ የግራፋይት ዘንጎች ከዚህ ይቀላሉ፣ ንዝረትንም ይቀንሳሉ። የክርን ወይም የእጅ አንጓ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ለውጥ ከርቀት ጉዳይ ያልፋል። ሆኖም ዘንግ የሚነቀለው ማጣበቂያው በሙቀት እንዲለቅ ተደርጎ ነው። ውስጣቸው ክፍት ሆኖ በፖሊመር የተሞሉ ዘመናዊ ራሶች በዚህ ሙቀት ሊጎዱ ስለሚችሉ ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ መሰጠት አለበት።

የቁጥር ወጥመድ

በልኬት ወቅት ተጫዋቹን ይበልጥ የሚያማልለው አዲሱ 7 ቁጥር አይረን ከአሮጌው 10 ሜትር አልፎ ሲሄድ ማየቱ ነው። ነገር ግን በዱላው ላይ የተጻፈው ቁጥር መለኪያ አይደለም። በቀድሞ ስብስቦች የ7 ቁጥር ሎፍት 34 ወይም 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ብዙ ሞዴሎች ወደ 29 ወይም 30 ዲግሪ ወርዷል። በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል በተለምዶ 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ስላለ፣ አዲሱ “7” የአሮጌው “6” ነው ለማለት ይቻላል።

ትክክለኛው ንጽጽር ሎፍታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ዱላዎችን ማወዳደር ነው። ከርቀቱ ይልቅ ኳሶቹ ምን ያህል ተሰባስበው እንደወደቁ፣ ከገጹ መሐል ውጭ በተመቱ ጊዜ ምን ያህል ርቀት እንደጠፋ፣ ኳሱ ሲወርድ የሚሠራው ማዕዘንም ወደ 45 ዲግሪ መጠጋቱን ማየት ይጠቅማል። በዝቅተኛ ማዕዘን የሚወርድ ኳስ አረንጓዴው ሜዳ ላይ ከመቆም ይልቅ አልፎ ይንከባለላል። በተጨማሪም የአይረኖቹ ሎፍት ሲቀንስ በአጭር ርቀት ዱላዎች በኩል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ዱላ ሲገዛም ደንቡ የሚፈቅደው ከ14 አይበልጥም።

መቼ ይለወጥ?

ልኬቱ የማዕዘን፣ የርዝመት ወይም የእጀታ ጉድለት ብቻ ካሳየ፣ ራሱም በጥሩ ሁኔታ ላይ ካለ፣ ማስተካከል በቂ ነው። ዘንጎቹ በሙሉ መለወጥ ካለባቸው የዘንጎቹ፣ የእጀታዎቹና የእጅ ሥራው ዋጋ ይደመር፤ ድምሩ ልኩ ተስማሚ ከሆነ ያገለገለ ስብስብ ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛ አማራጭ ይኸው ነው።

መለወጥ ተገቢ የሚሆነው ጉድለቱ በራሱ ላይ ሲሆን ነው። የገጹ ቦዮች ሲያልቁ፣ ግርጌው ሲበላ፣ ብረቱ የሚፈለገውን ያህል የማይታጠፍ ሲሆን፣ ወይም ትንሹ ራስ መሐሉን ለሚስት ተጫዋች ይቅርታ የማያደርግ ሲሆን ማስተካከል ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ገና ለጀመረ ተጫዋች ግን ሌላም ምክር አለ። አመታቱ ያልረጋ ሰው ከጥቂት ወራት ሥልጠና በኋላ ሲለካ ቁጥሮቹ ሊለወጡ ይችላሉ። ለዚህ ሰው እጀታውን አስተካክሎ፣ ጎላ ያለውን የማዕዘን ስሕተት ብቻ አርሞ፣ የቀረውን ገንዘብ ለአሠልጣኝ መክፈል የተሻለ ነው። የልኬት ወረቀቱንም አይጣለው፤ ከሁለተኛው ልኬት ጋር ሲያስተያየው ያልተለወጡት ቁጥሮች እውነተኛ ልኩን ያሳዩታል።