ትንሽ አይሮፕላን ሲወድቅ ሕይወትን ስለ ማትረፍ

የትንሽ አይሮፕላን ሞተር በአየር ላይ ከጠፋ የነጂው ነገር ያን ጊዜውኑ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ ሰውን የሚጎዳው በድንገት መቆሙ መሆኑንና፥ የሚቆምበትን መንገድ ነጂው ብዙ ሊያሻሽለው እንደሚችል ነው።

ይህን ጉዳይ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሂዩ ደ ሄቨን ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ሠልጣኝ ነጂ ሳለ ከአደጋ ቢተርፍም፥ የመቀመጫው ቀበቶ ማያያዣ የሆድ ዕቃውን እንደ ጎዳው ተገነዘበ። በ1942 ዓ.ም. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ የአደጋ ጉዳት ጥናት ጀመረ። ትምህርቱም፥ ተሳፋሪ እንደሚሰበር ዕቃ በጥንቃቄ መታሸግ ይገባዋል የሚል ነበር።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አይሮፕላኑ የመሬት ስበትን 9 እጥፍ በሚያህል ኃይል በእኩልነት ቢገታ፥ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲሄድ የነበረው በ3 ሜትር ያህል ይቆማል፤ 160 ኪሎሜትር ሲሄድ የነበረው ግን 11 ሜትር ያህል ይፈልጋል።

እንግዲህ ሞተሩ ከመሬት እንደ ተነሣ ቢጠፋ፥ ነጂው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት ይውረድ። ዝቅ ብሎ ሳለ ለመመለስ ቢዞር፥ ክንፉ የማንሣት ኃይሉን አጥቶ በአፍንጫው ሊተከል ይችላል። ቢቻል ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበል። ክንፉና እግሩ ቢሰበሩም ሰው ያለበት ክፍል ይትረፍ፤ አይሮፕላኑ እስኪቆምም መሪውን አይልቀቅ።

ይህ ለደጋ አገር በይበልጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በቆላ የሚያሳየውን ያንኑ ፍጥነት ቢያሳይም፥ እውነተኛው ፍጥነት ከአሥር አንድ እጅ በላይ ይጨምራል፤ የግጭቱም ጉልበት በሩብ ያህል ይበልጣል።

የቀረው ዝግጅት በምድር የሚፈጸም ነው፤ ይኸውም የትከሻ ቀበቶን ማጥበቅ፥ ጓዝን ማሰር፥ የጉዞውን መንገድና የመድረሻውን ሰዓት ለሌላ ሰው መንገር፥ ውሃና የመጀመሪያ እርዳታ መድኃኒት በቅርብ ማኖር ነው። በአየር ላይ ጊዜው አጭር ስለሆነ፥ ነጂው የት እንደሚያርፍ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል።