ራም ሲዋሽ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ሊኑስ ቶርቫልድስ ቁጥሩ 6.1 የሆነውን የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት (ከርነል) ለማውጣት ከየአቅጣጫው የተላከለትን ኮድ እየተቀበለ ሲያዋህድ የገዛ ኮምፒውተሩ ያምፅበት ጀመር። ሁለት ዓመት ተኩል ያለ እንከን የሠራ ዴስክቶፕ ነው። አሁን ግን ኮዱን ኮምፓይል ሲያደርግ ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት መሀል ላይ ይቋረጣሉ። ሲደግመው ሌላ ቦታ ላይ ይቋረጣሉ። ቶርቫልድስ በመጀመሪያ የጠረጠረው ሰሞኑን የገባውን አዲስ ኮድ ነበር። ኮዱ ግን ንጹሕ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰኩት ራሞች (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ሰሌዳዎች) አንዱ በጠራራ ፀሐይ ተበላሽቶበት ነው።

ከርነሉን ከሠላሳ ዓመት በፊት ራሱ የጀመረው ሰው እንዲህ ከተሸወደ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ደጅ የቆመ ሰው የሚሰማው ነገር አይገርምም። ባለንብረቱ «ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ከዚያ ራሱ ይነሳል» ይላል። ጠጋኙ ቀና ሳይል «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ብሩ ይከፈላል፣ በሳምንቱ ሰማያዊው ስክሪን ተመልሶ ከች ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። የታመመ ራም ሕመሙን በራሱ ላይ አያሳይም፤ የሚወቀሰው ዊንዶውሱ፣ ጌሙ፣ ብሮውዘሩ ወይም ባለፈው ሳምንት የተጫነው ምስኪን ፕሮግራም ነው።

ራም ከኬዙ ወጥቶ ሲታይ አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስስ ሰሌዳ ነው። ጥቋቁር ቺፖች ተደርድረውበታል፤ የታችኛው ጠርዙ ወርቅ በተቀቡ እግሮች ተሞልቷል፣ ዲዲአር4 በሚባለው የራም ዓይነት ላይ 288 ናቸው። በቺፖቹ ውስጥ ያለውን ብልሃት ያመጣው የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ሲሆን ፓተንቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ለእያንዳንዷ ቢት አንድ ትራንዚስተር በር ይሆናል፣ አንድ ካፓሲተር ደግሞ ጣሳ። ጣሳው ሲሞላ 1 ነው፣ ሲጎድል 0። ጣሳው ግን ሽንቁር ነው፤ የተሞላበት ኤሌክትሪክ ወዲያው መንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጣሳ ቢዘገይ በ64 ሚሊሰከንድ አንዴ እያነበበ መልሶ መሙላት አለበት። በሰከንድ ወደ 16 ጊዜ መሆኑ ነው። 16 ጊጋባይት ራም ላይ እንዲህ ያሉ ጣሳዎች ከ137 ቢሊዮን በላይ ናቸው። ነገሩን በቅጡ ለሚያስበው ሰው የሚደንቀው አልፎ አልፎ መሳሳቱ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ አለመሳሳቱ ነው።

ከእነዚህ አንዷ ብትዋሽስ? አንድ ሰው «በላ» ብሎ ጻፈ እንበል። ኮምፒውተሩ «በ»ን የሚያውቃት በቁጥር 4704 ነው፣ «ቡ»ን ደግሞ በ4705። ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት ቢት ብቻ ነች። እሷ ከ0 ወደ 1 ከተገለበጠች «በላ» የነበረው «ቡላ» ይሆናል፤ ግሡ ገንፎ ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። ጽሑፍ ላይ ሲሆን ያስቃል። ያቺው ቢት ፎቶ ውስጥ ብትገኝ የአንዲት ነጥብ ቀለም ይቀየራል፣ ልብ የሚላትም የለም። የሜሞሪ አድራሻ ውስጥ ከሆነች ግን ፕሮግራሙ የሌለ ቤት ሄዶ ያንኳኳል፤ ያ ፕሮግራም የዊንዶውስ የራሱ እምብርት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ከዚህ በኋላ መቀጠል አደጋ አለው ብሎ ሁሉንም ነገር በሰማያዊ ስክሪን ያቆመዋል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ብራሰልስ ውስጥ ሻርቤክ በተባለው አካባቢ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በተሰጠ ድምፅ አንዲት እጩ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ተቆጠረላት። ትርፉ 4096 ነበር። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ 12 ሁለቶችን ደርድሮ ላባዛ ሰው ውጤቱ 4096 ነው፤ በሌላ አነጋገር አሥራ ሦስተኛዋ ቢት ተገልብጣለች። ሶፍትዌሩ ሲመረመር ጥፋት ስላልተገኘበት ነገሩ ድንገተኛ የቢት መገልበጥ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ከጠፈር በመጣ ጨረር ያሳብባል፣ የጨረሩ ነገር ግን በማስረጃ አልተያዘም።

ጨረር ለወሬ ይመቻል እንጂ የቤት ኮምፒውተር ዋና ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጉግል ሰርቨሮች ላይ የተደረገ ጥናት በዓመት ውስጥ ከራሞቹ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስህተት እንዳሳዩ አገኘ፤ ብዙው ስህተትም ከራሱ ከዕቃው ብልሽት የመጣ መስሎ ታየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የተራ ሰው ኮምፒውተሮችን መዝገብ መረመሩ። ፕሮሰሰሩ በድምሩ 30 ቀን በሠራበት ጊዜ ውስጥ በአንዲት ቢት መገልበጥ የመውደቅ ዕድሉ ከ1700 አንድ ነው። አንዴ የወደቀ ኮምፒውተር እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ግን ከ12 አንድ ሆነ። ራም አንዴ ከዋሸ ይለምድበታል።

ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንዲዋሽ የሚገደድም አለ። ካርቶኑ ላይ 3600 ተብሎ የተጻፈበት ዲዲአር4 መጀመሪያ ሲሰካ የሚሠራው በዚያ ፍጥነት አይደለም፤ 2133 ወይም 2400 ላይ ይነሳል። 3600 የሚሆነው ባለቤቱ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ሲያበራ ነው። ያኔ ቮልቴጁም አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 ወደ 1.35 ይወጣል። ሻጩ እንደ ተራ ነገር ያቅርበው እንጂ ይህ ከመደበኛው ልክ በላይ ማስሮጥ ነው፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም ተቆጣጣሪ ላይችለው ይችላል። ቀድሞ በነበረው ራም ላይ ከሌላ ሱቅ የተገዛ ሁለተኛ ራም ሲጨመርም ተመሳሳይ ጣጣ ይመጣል። ለየብቻ ሲሆኑ ጨዋ ናቸው፣ አብረው ሲሆኑ አይስማሙም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ኤክስኤምፒን አጥፍቶ ሁለት ሦስት ቀን ማየት ምንም አያስከፍልም።

ጥርጣሬው ወደ ራም መዞር ያለበት መቼ ነው? አንዱ ጥሩ ምልክት የሰማያዊው ስክሪን ቃል መለዋወጡ ነው። ዛሬ «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ነገ «ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ»፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። የተበላሸ ድራይቨር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ይደጋግማል፤ የተበላሸ ራም ግን ያገኘውን ስለሚመታ ቃሉ አይያዝም። ዚፕ ፋይል ዛሬ አልከፈትም ብሎ ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ እሺ ካለም ያው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በእጅ ነው። የኃይል ገመዱ ይነቀላል፤ ከዚያ ማብሪያው አንዴ ይጫናል፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ። ራሙን ከመንካት በፊት የኬዙን ብረት መንካት ያስፈልጋል፤ ሰው የማይሰማው የሰውነት ኤሌክትሪክ ለቺፕ መርዝ ነው። የስሎቱ ጆሮዎች ወደ ውጭ ሲገፉ ራሙ ብድግ ይላል። እግሮቹ ላይ የጣት ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ማየት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ጠጋኝ ላጲስ ያወጣል፤ ይሠራል፣ ግን የወርቁ ቅብ እጅግ ስስ ስለሆነ ደጋግሞ የፈገፈገው ሰው ወርቁንም አብሮ ያነሳዋል። አልኮል የነካ ንጹሕ ጨርቅ ይሻላል። ከደረቀ በኋላ ጆሮዎቹ ቀጭ እስኪሉ ድረስ በሁለቱም ጫፍ ይጫናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፈርቶ በግማሽ ይተወዋል። አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም ብቻ ካለ ቦታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው።

ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። ክሪስ ብራዲ እ.ኤ.አ. በ1994 የጻፈው ሜምቴስት86 እና ከእሱ የተወለደው ሜምቴስት86ፕላስ ከፍላሽ ላይ ይነሳሉ፣ ዊንዶውስን አይፈልጉም። ምክንያቱም ዊንዶውስ ራሱ ራሙ ላይ ተቀምጧል፤ የተቀመጡበትን ወንበር ገልብጦ ማየት አይቻልም። ፕሮግራሙ የታወቀ ቁጥር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ካልገጠመ በቀይ ያሳያል። 16 ጊጋባይት ላይ ደጋግሞ ለመዞር ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ ከፍቶ መተኛት ነው። አንዲት ቀይ መስመር ከታየች «አንድ ብቻ ናት» ብሎ ማለፍ የለም። ራሞቹ አንድ በአንድ፣ በየስሎቱ እየተቀያየሩ ይፈተናሉ። ስህተቱ ራሙን ከተከተለ ጥፋቱ የራሙ ነው። ስሎቱ ጋ ከቀረ ማዘርቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ይጠረጠራል። ይህን ምርመራ ፎርማት ከማድረግ በፊት መሥራት የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፦ ዊንዶውስ ሲጫን እያንዳንዱ ፋይል በራም በኩል ያልፋል። የሚዋሽ ራም እያለ የተጫነ ዊንዶውስ ገና ከልደቱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ሰርቨሮች የቢት መገልበጥን ለመከላከል ኢሲሲ የሚባል ራም አላቸው። ለየ64 ቢቱ 8 ጠባቂ ቢቶች ይጨመራሉ፤ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ወዲያው ትታረማለች፣ ሁለት ቢገለበጡ ቢያንስ ይታወቃል። አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ይህ የለውም። የቶርቫልድስም ያኔ አልነበረውም፤ ኢሲሲ ለተራው ገዢ ብርቅ ሆኖ መቅረቱ ሲያናድደው የኖረ ሰው ሆኖ ሳለ።

ተበላሽቶ የወጣው ራም ጉዳይ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ከሌሎች ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከተጣለ በወሩ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ መልኩ ከደህናው አይለይምና። ጠንቃቃ ጠጋኝ ፓርከር ያወጣና ቺፖቹ ላይ ትልቅ ኤክስ ያሰምርበታል።