ተዘዋዋሪው የኤምአርአይ ባለሙያ፦ ደመወዙ ስንት፣ ውሎ አበሉ ስንት?

በአሜሪካ የሆስፒታል ገበያ ውስጥ በአብዛኛው በ13 ሳምንት ኮንትራት የሚሸጥ ሙያ አለ። የኤምአርአይ ቴክኖሎጂስቱ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ሰው የጎደለበትን ሆስፒታል ይሞላል። የሳምንት ክፍያው ሲሰሙት ያስጎመጃል። ሂሳቡ ሲዘረዘር ግን ከክፍያው ብዙው ደመወዝ ሳይሆን ውሎ አበል ሆኖ ይገኛል።

የቆመ ማሽን ኪሳራ ነው

አዲስ የኤምአርአይ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ታካሚ ኖረም አልኖረም ማግኔቱ አይጠፋም። ባለሙያ ለቆ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ገቢው ይቋረጣል፤ ወጪው ግን ይቀጥላል። የባለሙያ አቅርቦትም ቶሎ አያድግም። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ኤአርአርቲ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ከአዲስ አመልካቾች ቢያንስ የአሶሺየት ዲግሪ ይጠይቃል፤ የሥራ ፈቃድ ደንቡም ከግዛት ግዛት ይለያያል።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለእ.ኤ.አ. ሜይ 2023 ባወጣው አኃዝ መሠረት የሙያው መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 83,740 ዶላር ሲሆን፣ የራጅ ባለሙያዎች ደግሞ 73,410 ዶላር ነበር። ተዘዋዋሪው ከዚህ በላይ የሚጠይቀው በእጥረቱ ተማምኖ ነው።

ደላላው መሐል ላይ

ኤጀንሲው ከሆስፒታሉ በሰዓት ያስከፍላል፤ ድርሻውን ቀንሶ ለባለሙያው ይከፍላል። ባለሙያው ሆስፒታሉ የከፈለውን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ገዢና ሻጭን በዋጋ ሳያገናኝ ትርፉን መሐል ላይ የሚያስቀር ደላላ ለእኛም ገበያ እንግዳ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ለ40 ሰዓት ሥራ በሳምንት 2,400 ዶላር ቢባል፣ 1,000ው በሰዓት 25 ዶላር የሚታሰብ ደመወዝ፣ 1,400ው ደግሞ ግብር የማይከፈልበት የቤትና የምግብ አበል ሊሆን ይችላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ25 ዶላር ላይ ተመሥርቶ በአንድ ተኩል ሲባዛ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። መደበኛው ሰዓት ግን ከነአበሉ 60 ዶላር ነው። ይህም ማለት ትርፍ ሰዓቱ ከመደበኛው ሰዓት ረከሰ ማለት ነው። የጡረታ መዋጮውም የሚሰላው በ1,000ው ላይ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የዘጠነኛው ዙር የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ኤኤምኤን ሰርቪስስ በተከሰሰበት መዝገብ፣ ላልተሠራ ሰዓት የሚቀነስ አበል ደመወዝ ስለሆነ ለትርፍ ሰዓት ስሌት መደመር አለበት ሲል ወስኗል።

ቤት የሌለው ውሎ አበል የለውም

አበሉ ከግብር ነፃ የሚሆነው ባለሙያው ወጪ የሚያወጣበት ቋሚ መኖሪያ በሌላ ቦታ ሲኖረው ነው። ቤቱን ለቆ ሻንጣውን ይዞ የሚዞር ሰው አበሉ ሁሉ ግብር ይከፈልበታል። በአንድ ቦታ ከአንድ ዓመት በላይ እሠራለሁ ብሎ ለሚገባም ሕጉ ያው ነው።

እንግዲህ አሜሪካ ያለ ዘመድ በሳምንት ይህን ያህል አገኛለሁ ቢል፣ አድማጩ በ52 ለማባዛት ባይቸኩል ይመረጣል። በኮንትራትና በኮንትራት መካከል ክፍያ የለም። ሆስፒታሉም ውሉን ከጊዜው በፊት ሊያቋርጥ ይችላል። ሁለት ቤት የሚከፈለውም ከዚያው ገንዘብ ላይ ነው። በውሎ አበል ሂሳብ ቤት ልሥራ ብሎ መሬት ከመጠየቅ በፊት ደመወዙ ብቻውን ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።