የባሕሪ ተሳፋሪና መጓጓዣው

ባሕሪ ከካርቱም በዓባይ፣ ከኦምዱርማን ደግሞ ዓባይና ነጭ ዓባይ ተቀላቅለው በሚፈጥሩት በናይል የምትለይ ከተማ ናት። ስለዚህ ነዋሪዋ ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲሄድ ድልድይ መሻገር ግዴታው ነው።

የግል መኪና ያለው ሰው ባሻው ሰዓት ይነሣል፤ ነገር ግን መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ቆሞ ይውላል። «ሐፍላ» የሚባለው አውቶቡስ ወጪውን ለብዙ ተሳፋሪዎች ያከፋፍላል። እኛ ባጃጅ የምንለው «ራክሻ» ደግሞ አውቶቡስ በማያልፍበት ጠባብ መንገድ ይገባል።

በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሾፌር አልባ ታክሲ ለሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል። ታክሲው አካባቢውን በካሜራ፣ በራዳርና በጨረር እየቃኘ፣ አስቀድሞ ከተዘጋጀለት ዝርዝር ካርታ ጋር ያስተያያል። የሾፌር ደመወዝ ባይከፈልበትም መሣሪያዎቹ ውድ ናቸው።

እንዲህ ያለው ታክሲ ለባሕሪ ይበጃል ለማለት ግን ያዳግታል። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ፈረሰ። ድልድይ በአንድ ጀምበር ከካርታ ሲጠፋ፣ የሐፍላ ሾፌር መንገደኛ ጠይቆ በሌላ በኩል ይዞራል።