ስለ ጣልያን ጦርነት ምን እናንብብ?

ፊደል የቆጠረ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ደብዳቤና ደረሰኝ ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን «ደግሞ ምን ላንብብ?» ማለቱ አይቀርም። ለጀማሪ የሚቀለው በጆሮው የሰማውን ነገር በመጽሐፍ ማግኘት ነው። በየመንደሩ ሽማግሌዎች ሲያወሩት የኖሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። እርሱም በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን የወረረበት ጦርነት ነው። ስለዚህ ጦርነት ከተጻፉት መጻሕፍት ጥቂቶቹን እንመልከት።

ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣልያኖች አይሮፕላን፣ ታንክና መድፍ ይዘው መጡ። የእኛ ዘማች አብዛኛው ገበሬ ነበር። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጎራዴና ጦሩን ይዞ፣ ስንቁን ጭኖ ከቤቱ ወጣ። ያ ሁሉ ሰው ያየውን ሳይጽፍ አለፈ፤ መጻፍ አይችልም ነበርና። የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። የእነዚህም መጽሐፍ ቢሆን ብዙው የታተመው ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ሁለት መጻሕፍትን አንድ ላይ እንውሰድ። አንዱ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። ሁለተኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው። ለምን አንድ ላይ? ራስ እምሩ በሽሬ በኩል የዘመተው ጦር አዛዥ ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት አስተማሪ የነበሩ፣ ከእርሳቸው ጋር የዘመቱ ወጣት ነበሩ። ሁለቱም በሰሜን ተዋጉ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ፤ ወደ ጣልያን አገርም ተወስደው ታሰሩ። አንድ መንገድ የሄዱ ሁለት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ግን አዛዥ የሚያየውና ተከታይ የሚያየው አንድ አይደለም። አዛዡ ጦሩ የት እንደሚሰፍር፣ ስንቅ ከየት እንደሚመጣ ያስባል። ተከታዩ ደግሞ አጠገቡ የወደቀውን ጓደኛውን ያያል። ሁለቱን ያነበበ ሰው ነገሩን ከሁለት ወገን አየው ማለት ነው። በሸንጎም ቢሆን በአንድ ምስክር ብቻ አይፈረድም እኮ።

ሌላም ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ። ራስ እምሩ የንጉሡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ሐረር ላይ አብረው ነው ያደጉት። በሌላ በኩል መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈል የታወቁ መስፍን ናቸው። ታዲያ መጽሐፋቸውን የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ እያሰበ ያንብብ። ጸሐፊው ማን ነው፣ የማን ወገን ነው፣ የት ቆሞ ነው ያየው ብሎ መጠየቅ ጸሐፊውን መጠርጠር አይደለም። እህል ስንገዛም ጆንያውን ፈትተን እናይ የለም?

(የራስ እምሩን እስር ካነሳን አይቀር፦ የታሰሩት ፖንዛ በምትባል የባሕር ደሴት ነበር። ጦርነቱን ያመጣው ሙሶሊኒም በ1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ ታስሯል።)

አሁን ወደ መርዙ ጋዝ እንምጣ። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት፣ ጦራቸው በተከዜ በኩል ሳለ ከአይሮፕላን በርሜል የመሰለ ነገር ይወርድ ጀመር። መሬት ወይም ውሃ ሲነካ ይሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ውሃ ቋጠረ። ከወንዙ የጠጡም ሞቱ። የእኛ ሰዎች ይህን ቢናገሩም በጣልያን አገር ብዙዎች «ውሸት ነው» እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ። የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው! በዚያን ጊዜ ከተጎዱት አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም። ቃላቸውን በጽሑፍ ያስቀሩት ግን ጠፍቶ አልቀረም።

የውጭ አገር ሰው የጻፈውን ማንበብ የሚፈልግ «የሐበሻ ጀብዱ» የሚለውን ይፈልግ። ጸሐፊው አዶልፍ ፓርለሳክ የቼክ አገር ወታደር ነው። ኢትዮጵያን ለመርዳት መጥቶ፣ በሰሜን ግንባር ከጦራችን ጋር ሆኖ ያየውን ጻፈ። ወደ አማርኛ የመለሱት ተጫነ ጆብሬ መኮንን ናቸው። አረፍተ ነገሩ ቀላል ነው፤ ወሬው ይጎትታል። ለአዲስ አንባቢ ከሁሉ በፊት ይህ ቢጀመር ይሻላል እላለሁ። እንግዳ ሰው ስለሆነ እኛ «የታወቀ ነው» ብለን የምናልፈውን ነገር ሁሉ እየተደነቀ ይጽፋል።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ» ግን ከበድ ይላል። ኦቶባዮግራፊ ማለት ሰው የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ነው። ጸሐፊው በልጅነታቸው ዐድዋ ዘምተዋል፤ ኋላም ሩሲያ ሄደው ተምረዋል። ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራክረዋል። ይህኛው መጽሐፍ ንባብ ከተለማመዱ በኋላ ቢያዝ ጥሩ ነው።

እነዚህ ሁሉ የሆነውን የሚተርኩ ናቸው። ልብ ወለድ ግን ሌላ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊው በሐሳቡ የፈጠረው ታሪክ ነው፤ ሰዎቹ አልነበሩም፤ ኑሯቸው ግን የነበረ ኑሮ ሊሆን ይችላል። ይኸው ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለ ልብ ወለድ ጽፈዋል። እዚያ ውስጥ ያሉት ፊታውራሪ መሸሻ በእውነት የነበሩ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ገበሬውን ግብር እያስገደደ ያስጨነቀ ባላባት በየአገሩ ነበር።

ስለ ጦርነቱም አዲስ ልብ ወለድ አለ። መዓዛ መንግሥቴ የተባለች አሜሪካ የምትኖር ኢትዮጵያዊት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝኛ አሳትማዋለች። የሚተርከው ስለ ዘመቱት ሴቶች ነው። ሴቶች ስንቅ አዘጋጁ፣ ውሃ ቀዱ፣ ቁስለኛ አነሱ እየተባለ ይነገራል። ጠመንጃ ይዘው የተዋጉት ግን ብዙ አይወራላቸውም። ጸሐፊዋ ይህን መጽሐፍ በምታዘጋጅበት ጊዜ የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዘው መዝመታቸውን ሰማች። ከዚያ በፊት ጠይቃ ስለማታውቅ የነገራት አልነበረም።

መጻሕፍቱ ወፍራም ናቸው። ማታ ማታ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሁለት ሁለት ገጽ ቢያነብና ሌላው ቢያዳምጥ ግን ይገፋል። ቦታው የእናንተን አገር የነካ እንደሆነ አያታችሁ ወይም አባታችሁ ያሉትን አስታውሱና አስተያዩ። ከእናንተ መንደር ማን ዘመተ? የጦር አለቃው ማን ይባል ነበር? በየት በኩል ሄዱ? ማን ቀረ? ስንቁን ማን ተሸከመ? ይህን በልጆቻችሁ ደብተር ላይ በእርሳስ ማስፈር ይቻላል፤ የነገሩዋችሁን ሽማግሌ ስምና ቀኑን ከሥሩ ጻፉበት።